አንድ ቮልት ለማቀበል ግማሽ ቮልት የሚበላው ዳዮድ

(የመለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይገባል፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

ሳምንታዊው የሳይንስና የቴክኒክ ዝግጅታችን ሰዓቱን ጠብቆ መጥቷል። ተማሪዎች እርሳስና ወረቀት ያዙ፤ ዛሬ ትንሽ ሒሳብ አለብን። አትስጉ፣ ከማባዛት አያልፍም።

በጥያቄ ልጀምር። የእጅ ባትሪ ውስጥ የምትከቱት አንድ ድንጋይ ስንት ቮልት አለው?

(ፋታ)

አንድ ተኩል፤ 1.5 ቮልት። ጎበዞች! አሁን ደግሞ ይቺን መልሱልኝ፤ ኮምፒውተር ውስጥ ሐሳቡን ሁሉ የሚያወጣውና የሚያወርደው ፕሮሰሰር ስንት ቮልት ይፈልጋል?

(ፋታ)

ሃያ ያላችሁ ትኖራላችሁ፣ አሥራ ሁለት ያላችሁም ትኖራላችሁ። ነገሩ ግን ከባትሪ ድንጋዩም ያነሰ ነው። የዛሬ ፕሮሰሰር የሚሠራው በ1 ቮልት አካባቢ ነው። አንዳንዴም ከዚያ ዝቅ ይላል።

ቮልቴጁ ይህን ያህል ይነስ እንጂ አምፔሩን አትናቁት። ሥራ ሲበዛበት 50 አምፔር ይስባል፤ ትላልቆቹ ከ100 አምፔርም ያልፋሉ። እንጀራ የምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚስበው እኮ 15 አምፔር ገደማ ነው!

ይህችን አንድ ቮልት ይዛችሁ ቆዩ። የዛሬው ወሬያችን በእሷ ዙሪያ ነው፤ ጥያቄውም ይህ ነው፦ ለሃምሳ ዓመታትና ከዚያም በላይ ዳዮድ ሲሠራው የኖረውን ሥራ ትራንዚስተር ለምን ተረከበው?

(አጭር ሙዚቃ)

ከመጀመሪያው እንነሣ። ከግድግዳ ሶኬት የሚወጣው ኮረንቲ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው። በእኛ አገር በሰከንድ 50 ጊዜ ሄዶ ይመለሳል። ሬዲዮው፣ ስልኩ፣ ቴሌቪዥኑ ግን ውስጥ ውስጡን የሚሠሩት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚፈስ ጅረት ነው። ስለዚህ ተመላላሹን ወደ ቀጥተኛ የሚለውጥ ነገር መሐል ላይ መኖር አለበት። የጥገና ባለሙያዎቻችን ሬክቲፋየር የሚሉት ይህንኑ ነው።

በዛሬ ቻርጀር ውስጥ ደግሞ ይህ ሥራ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም የሚሠራው። መጀመሪያ 220 ቮልቱ እንደገባ ይቀናል፤ ቀጥተኛ ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ ያ የቀናው ኮረንቲ በሰከንድ አሥር ሺዎች ወይም መቶ ሺዎች ጊዜ እየተቆራረጠ በትንሽ ትራንስፎርመር ያልፍና ወደ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ይወርዳል። እዚያ እንደገና መቅናት አለበት። ዛሬ ዓይናችንን የምንጥለው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው፤ ቮልቴጁ ባነሰበት፣ አምፔሩ በበዛበት በኩል።

ይህን ሥራ በተለምዶ የሚሠራው ዳዮድ ነው። ዳዮድ ሁለት እግር አለው፤ ጅረትን በአንዱ አቅጣጫ ያሳልፋል፣ በሌላው ይከለክላል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ማንም ሳያዘው ሥራውን ያውቃል።

ታዲያ ምን ጎደለው?

(ፋታ)

እስቲ ዳዮድን እንደ ግቢ በር አድርጋችሁ አስቡት። ዘበኛ የለውም። ወደ ውስጥ ብቻ ይከፈታል፤ መልሶ የሚዘጋው ጠንካራ ሞላ ተገጥሞለታል። የሚገባ ሰው ሁሉ ሞላውን በትከሻው ገፍቶ ነው የሚገባው። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋ ደግሞ በሩን ይበልጥ ይዘጋዋል እንጂ አይወጣም። በሩ ሥራውን ሠርቷል፤ ነገር ግን ገቢው ሁሉ ጉልበት ከፍሏል።

ዳዮድም እንዲሁ ነው። የተለመደው የሲሊከን ዳዮድ በሩን ለመክፈት 0.7 ቮልት ገደማ ይጠይቃል፤ አምፔሩ ሲበረታ ወደ 1 ቮልት ይጠጋል። ሾትኪ የሚባለው የተሻለ ነው፤ 0.3 እስከ 0.5 ቮልት ይበቃዋል። ግን እሱም በነጻ አያሳልፍም።

ለምን? የተለመደው ዳዮድ የሚሠራው ሁለት ዓይነት ባሕርይ ያላቸውን የሲሊከን ክፍሎች በማጋጠም ነው። መጋጠሚያው ላይ በተፈጥሮው አንድ የኤሌክትሪክ ግድብ ይፈጠራል። ኤሌክትሮን በአንድ በኩል ብቻ እንዲያልፍ የሚያደርገው ያው ግድብ ነው፤ ቮልቴጁን የሚበላውም ያው ግድብ ነው። አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም።

አሁን ወደ ሒሳባችን። ቮልት ሲባዛ በአምፔር፣ ዋት ይሆናል። ልድገመው፤ ቮልት ሲባዛ በአምፔር ዋት ነው። አንድ ቻርጀር 5 ቮልትና 2 አምፔር ይሰጣል እንበል። ለስልካችሁ የሚደርሰው ስንት ዋት ነው?

(ፋታ)

10 ዋት። በሩ ላይ ያለው ዳዮድ ግማሽ ቮልት ቢበላስ? ግማሽ ሲባዛ በ2፣ 1 ዋት። ስልኩ 10 ዋት ሲያገኝ 1 ዋት ዳዮዱ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ይህ ሁሉ የአየር መውጫ በሌለው በጠባብ ፕላስቲክ ውስጥ ነው እንግዲህ።

እሺ፣ አሁን ወደዚያች አንድ ቮልት እንመለስ። ፕሮሰሰሩ 1 ቮልት ይፈልጋል፤ 50 አምፔር ይስባል። ዳዮዱ ግማሽ ቮልቱን አይተውም፤ ያው ዳዮድ ነው። ግማሽ ሲባዛ በ50፣ 25 ዋት! ለፕሮሰሰሩ 50 ዋት ለማድረስ በር ላይ 25 ዋት ይቃጠላል። ከሚገባው ኃይል ሲሶው ማለት ነው።

ነገሩ ገብቷችኋል? ዳዮድ የሚበላው ቮልቴጅ ያው ነው። እናንተ የምትፈልጉት ቮልቴጅ ዝቅ ባለ ቁጥር የእሱ ድርሻ እያበጠ ይሄዳል። ከ100 ቮልት ላይ ግማሽ ቮልት ቢወስድ ማንም አያየውም፤ ከአንድ ቮልት ላይ ግማሽ ሲወስድ ግን ዝርፊያ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ትራንዚስተሩን እናምጣው። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ሞስፌት የሚባለው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ ግብፅ የተወለደው መሐመድ አታላና ኮሪያዊው ባልደረባው ዳዎን ካንግ የፈለሰፉት ነው። ዛሬ በኪሳችሁ ባለው ስልክ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ አሉ። እኛ የምንፈልገው ግን ከእነዚያ ጥቃቅኖች አይደለም፤ ብዙ አምፔር ለመሸከም የተሠራውን ወፍራሙን ነው።

ሞስፌት ሦስት እግር አለው፦ ጌት፣ ሶርስና ድሬን። ጌቱ ላይ ቮልቴጅ ስትሰጡት ከሶርስ እስከ ድሬን ድረስ አንድ ወጥ መተላለፊያ ይከፈታል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ መተላለፊያው ላይ ግድብ የለም። ኤሌክትሮኖቹ የሚዘልሉት ነገር የለም። ያለው ትንሽ ሙግደት ብቻ ነው፤ ባለሙያዎች ሬዚስታንስ የሚሉት።

በእኛ ምሳሌ ብንሄድ ትራንዚስተሩ ሞላ የሌለው በር ነው። ሲከፈት ወለል ብሎ ይከፈታል። ሲዘጋ ጥርቅም ይላል። ነገር ግን በራሱ አይከፈትም፣ በራሱም አይዘጋም። ዘበኛ ይፈልጋል። ስለ ዘበኛው ቆይተን እናወራለን፤ የዛሬው ነገር ቅመሙ እሱ ጋ ነው።

ሙግደቱ ምን ያህል ቢሆን ነው? ገበያ ላይ 5 ሚሊኦም ያለው ሞስፌት ማግኘት ከባድ አይደለም፤ ከዚያ ያነሰም ሞልቷል። ሚሊኦም ማለት የኦም አንድ ሺሕኛ ነው። 10 አምፔር በ5 ሚሊኦም ውስጥ ሲያልፍ የሚጠፋው ቮልቴጅ 0.05 ነው። ዳዮዱ ግማሽ ይጠይቅ ነበር፤ ይሄ የዚያን አንድ አሥረኛ። በዋት ካያችሁት፣ ዳዮዱ ላይ 5 ዋት፣ ሞስፌቱ ላይ ግማሽ ዋት።

ይህ ዘዴ በባለሙያዎች አነጋገር ሲንክሮነስ ሬክቲፊኬሽን ይባላል። ከጅረቱ መመላለስ ጋር እኩል እየተራመዱ፣ በሩን በሰዓቱ እየከፈቱና እየዘጉ ማቅናት ነው።

አንድ የማስጠንቀቂያ ቃል ግን ልጨምር፤ ሻጮች አይነግሯችሁም። ዳዮድ ላይ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ኪሳራው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሞስፌት ላይ ግን አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ኪሳራው አራት እጥፍ ነው። ያንኑ ባለ 5 ሚሊኦሙን ሞስፌት እንውሰድ። በ10 አምፔር 0.05 ቮልት ወሰደ። በ100 አምፔርስ?

(ፋታ)

ግማሽ ቮልት! ከሾትኪው ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ትራንዚስተር ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት አይደለም፤ ለሥራው የሚበቃውን መምረጥ ያስፈልጋል።

ደግነቱ መውጫ አለው። ሁለት ሞስፌት ጎን ለጎን ብታቆሙ ሙግደቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ሦስት ብታቆሙ ለሦስት። ሁለት ዳዮድ ጎን ለጎን ብታቆሙ ግን ግድቡ ያው ግድብ ስለሆነ የምታተርፉት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እንደ እኔ እንደ እኔ ትራንዚስተሩ ውድድሩን የረታው በዚህች ነጥብ ነው። ብር ከጨመራችሁበት እየተሻለ ይሄዳል፤ ዳዮድ ግን ብር ቢከሰከስለትም ከግድቡ አይወርድም።

ሌላም አለ። ሞስፌት ሲሞቅ ሙግደቱ ይጨምራል፤ ከክፍል ሙቀት ወደ 100 ዲግሪ ሲያልፍ አንድ ተኩል እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። በሞስፌቱ የመረጃ ወረቀት (ዳታ ሺት) የፊት ገጽ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር የቀዝቃዛው ነው። ገጹን ገልበጥ አድርጉ።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ዘበኛው ከመሄዳችን በፊት ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ። ይህ ሐሳብ ከትራንዚስተር ይቀድማል ብላችሁ ታምናላችሁ?

እ.ኤ.አ. በ1907 ሆመር ክላይድ ስኑክ የተባለ አሜሪካዊ ለኤክስሬይ መሣሪያ የሚሆን ከፍተኛ ቮልቴጅ ማቅናት ፈለገ። ያኔ የሚያስተማምን ዳዮድ አልነበረም። ምን አደረገ? ከኮረንቲው መመላለስ ጋር እኩል በሚሽከረከር ሞተር ላይ መገናኛዎች ገጠመ። ጅረቱ አቅጣጫ በለወጠ ቁጥር የሚሽከረከሩት መገናኛዎች ሽቦዎቹን ያቀያይራሉ። ማቅናቱን የሠራው ብረት ነው፤ የሚሽከረከር ብረት።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ደግሞ ለእኛ ለሬዲዮ ሰዎች የሚቀርብ ታሪክ አለ። ያኔ የመኪና ሬዲዮ የሚሠራው በቫልቭ፣ ከትራንዚስተር በፊት በነበረው የመስታወት ቱቦ ነበር። ቫልቮቹ ከመቶ የሚበልጥ ቮልት ይፈልጋሉ፤ የመኪናው ባትሪ ግን 6 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ ቫይብሬተር የሚባል የሚንቀጠቀጥ ትንሽ መሣሪያ ተገጠመ። ባትሪውን ቶሎ ቶሎ እየቆረጠ ለትራንስፎርመር ያቀብላል፤ ትራንስፎርመሩም ቮልቴጁን ከፍ ያደርጋል። ከቫይብሬተሮቹ መካከል አንዳንዶቹ ሁለተኛ ጥንድ መገናኛ ነበራቸው። በዚያው ንዝረት ከትራንስፎርመሩ የሚወጣውን መልሰው ያቀኑ ነበር፤ ለማቅኛ የተለየ ቫልቭ አያስፈልግም። የዛሬው ሞስፌት የሚሠራውን ያኔ የሚንቀጠቀጥ ቅጠል ብረት ይሠራው ነበር። ችግሩ መገናኛዎቹ እየተቃጠሉ ያልቁ ነበር፤ ሞስፌት የሚያልቅ መገናኛ የለውም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ዘበኛው ይምጣ።

በሩ በሰከንድ 100 ሺህ ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል እንበል። አንዱ ዙር 10 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው ማለት ነው። ዘበኛው በዚህች ቅጽበት ውስጥ ጅረቱ ወደ ውስጥ መፍሰስ ሲጀምር በሩን መክፈት፣ ሊመለስ ሲል ደግሞ መዝጋት አለበት። ይህን የሚሠራው ተቆጣጣሪ አይሲ፣ ማለትም ቺፕ ነው። በሞስፌቱ ሶርስና ድሬን መካከል ያለውን ቮልቴጅ ያለማቋረጥ እያየ ጅረቱ በየት በኩል እንደሚፈስ ያውቃል፤ ጌቱንም በዚያው መሠረት ያዛል።

ዘበኛው ቢዘገይስ? ሁለት ዓይነት መዘግየት አለ፤ አንዱ ከሌላው በጣም ይለያል።

ለመክፈት ቢዘገይ ጉዳቱ ቀላል ነው። ለምን መሰላችሁ? በሞስፌቱ ሆድ ውስጥ፣ ከአሠራሩ የተነሣ፣ አንድ ዳዮድ አብሮት ተፈጥሯል። ጌቱ ባይታዘዝም ጅረቱ በዚያ ዳዮድ በኩል ያልፋል። ትንሽ ይሞቃል፣ ያው ነው። ሞስፌቱንም ስንገጥመው ይህ የሆድ ዳዮድ እኛ በፈለግነው አቅጣጫ እንዲያይ አድርገን ነው። ሞስፌትን ለማብሪያ ማጥፊያነት የለመደ ሰው ግንኙነቱን ሲያየው የተገለበጠ ይመስለዋል። አልተገለበጠም። ሞስፌት ሲከፈት በሁለቱም አቅጣጫ ያሳልፋል።

ልድገመው፣ ቁልፍ ነገር ነውና፦ ሞስፌት ሲከፈት በሁለቱም አቅጣጫ ያሳልፋል። ዳዮድ ግን በአንዱ ብቻ።

አደጋውም ከዚሁ ይመጣል። ዘበኛው ለመዝጋት ቢዘገይ ጅረቱ በተከፈተው በር ተመልሶ ይወጣል። በኮምፒውተር ቦርድ ላይ የሚገባውን 12 ቮልት ወደ ፕሮሰሰሩ አንድ ቮልት ለማውረድ ሁለት ሞስፌቶች ተራ በተራ ነው የሚሠሩት፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው ከተከፈተ 12 ቮልቱ በሁለቱ በኩል በቀጥታ ወደ መሬት ይወርዳል። ሾርት ማለት ነው። ቀጥሎ የሚሰማው ጧ የሚል ድምፅ ነው፤ ጭስም አይጠፋም።

ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሆን ብለው ትንሽ ፋታ ያስገባሉ። ሁለቱም የሚዘጉበት፣ በጥቂት አሥር ናኖ ሰከንዶች የሚቆጠር ጊዜ ነው። በዚያች ፋታ የሆድ ዳዮዱ ሥራውን ይይዛል። ፋታው ከረዘመ ዳዮዱ ይበላል፤ ካጠረ ሞስፌቱ ይፈነዳል። ጥሩ ዲዛይነርን ከመካከለኛው የሚለየው ይህችን ፋታ የሚያበጅበት ጥንቃቄ ነው።

ባትሪ በሚሞላ መሣሪያ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፀሐይ ጠለቀች፣ ሶላሩ መስጠት አቆመ እንበል፤ ሞስፌቱን የሚያዘው ግን በሩን እንደከፈተ ነው። ምን ይሆናል?

(ፋታ)

ቻርጀሩ ባትሪውን መሙላት ትቶ ያልበዋል። ቀን የተሞላው ማታ ወደ ሶላሩ ይመለሳል። ዳዮድ ቢሆን ይህ ፈጽሞ አይደርስም ነበር፤ ዳዮድ የሚያስበው ነገር ስለሌለው አይሳሳትም። በሶላር ተቆጣጣሪ ላይ ዳዮዱን በሞስፌት የተኩ ሰዎች የተመለሰ ጅረትን የሚከታተል ሰርኪዩት መጨመር ግዴታቸው የሚሆነው ለዚህ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን ስለ ኮምፒውተርና ስለ ስልክ አወራን። ወደ መኪናም እንሂድ።

የነዳጅ መኪና ዲናሞ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ዳዮዶች አሉ። ከዲናሞው የሚወጣውን ተመላላሽ ኮረንቲ አቅንተው ባትሪውን ይሞላሉ። ጅረቱ በየጊዜው በሁለት ዳዮዶች ውስጥ ያልፋል፤ በከባድ ጭነት እያንዳንዱ 0.9 ቮልት ገደማ ይወስዳል። 100 አምፔር ሲያመነጭ አስሉት።

(ፋታ)

1.8 ሲባዛ በ100፣ 180 ዋት! ሞተሩ ነዳጅ አቃጥሎ ያገኘውን ጉልበት ዳዮዶቹ መልሰው ሙቀት ያደርጉታል። አውቶ ኤሌክትሪሺያኖቻችን የተቃጠለ የዲናሞ ዳዮድ አውጥተው ሲቀይሩ የሚውሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህንኑ ሥራ በሞስፌት የሚሠሩ ዲናሞዎች አሁን አሉ።

በአገራችን ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በመንገዳችን ላይ በዝቷል። የኤሌክትሪክ መኪና ዲናሞ የለውም። መብራቱን፣ ሬዲዮውን፣ የመስኮቱን ሞተር የሚያንቀሳቅሰው ግን ያው የለመድነው 12 ቮልት ባትሪ ነው። ማን ይሞላዋል? ከትልቁ ባትሪ ብዙ መቶ ቮልት ተቀብሎ ወደ 14 ቮልት ገደማ የሚያወርድ መለወጫ ተገጥሞለታል። ዝቅተኛ ቮልቴጅ፣ ብዙ አምፔር፤ ሞስፌት የሚፈለግበት ቦታ እንዲህ ያለው ነው። መኪናችሁን ወደ ጥገና ስትወስዱ ባለሙያው ቦርዱ ላይ ዳዮድ ፈልጎ ካጣ አይደንግጥ፤ በዳዮዱ ቦታ የቆሙት እነዚያ ጠፍጣፋ ሞስፌቶች ናቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ አንዳንዶቻችሁ አሁኑኑ ቤት ያለውን ዳዮድ ሁሉ ነቅላችሁ ለመጣል ሳትነሡ አልቀራችሁም። ተዉ! ዳዮድ ጡረታ አልወጣም።

220 ቮልቱ በሚገባበት በኩል አራት ዳዮዶች አሉ፤ ጅረቱ በአንድ ጊዜ የሚያልፈው በሁለቱ ብቻ ስለሆነ የሚወስዱት በድምሩ 2 ቮልት እንኳ አይሞላም። ከዚያ ሁሉ ቮልት ላይ ይህ ከመቶ አንድ እንኳ አይደርስም። ለስልክ ቻርጀር እዚያ ላይ ሞስፌትና ዘበኛ መደርደር ወጪ ማብዛት ነው። አንድ ነገር ብቻ ይህን ይለውጠዋል። የመረጃ ማዕከላት የሚገዟቸው ፓወር ሰፕላዮች 80 ፕላስ ቲታኒየም የሚባለውን ደረጃ ለማግኘት በ230 ቮልት፣ በግማሽ ጭነት 96 በመቶ ብቃት ማሳየት አለባቸው። ሊያባክኑ የሚፈቀድላቸው 4 በመቶ ብቻ ነው። ያኔ መግቢያው ላይ የምትጠፋው ከመቶ አንድ የምትጠጋ ነገር ከተፈቀደው ብክነት ሩብ ያህሉን ትወስዳለች። እንዲህ ሲሆን ዳዮዱን በሞስፌት መተካት ያዋጣል።

ለመካከለኛ ቮልቴጅ አራቱንም ዳዮዶች በአንዴ የሚተካ ተቆጣጣሪ አይሲም ተሠርቷል። ኤልቲ 4320 የሚባለው ለምሳሌ ከ9 እስከ 72 ቮልት ባለው ክልል አራት ሞስፌቶችን ያዛል። አራት ሞስፌትና አንድ አይሲ ይዞ መጀመር ለቴክኒክ ተማሪ ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ይሆናል ባይ ነኝ።

ጅረቱ በጣም ትንሽ ሲሆንም ዳዮድ ያሸንፋል። ዘበኛው እኮ ደመወዝ አለው፤ ጌቱን መሙላትና ማራገፍ ራሱ ኃይል ይወስዳል። የሚያልፈው ጥቂት ከሆነ ደመወዙ ከትርፉ ይበልጣል። ብልሆቹ ተቆጣጣሪዎች ጭነቱ ሲቀንስ ዘበኛውን እረፍት ሰጥተው ሥራውን ለሆድ ዳዮዱ ይተዉለታል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሙከራው። መልቲሜትር ላላችሁ፣ በተለይም ለትምህርት ቤት የኤሌክትሮኒክስ ክበባት።

መጀመሪያ ጥንቃቄ። የፓወር ሰፕላይ ክዳን ከፍታችሁ አትነካኩ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ይገድላል። ለሙከራችን የሚያስፈልገው ለብቻው የተቀመጠ አንድ ኤን ቻናል ሞስፌት ነው። ከጥገና ቤት ከተጣለ ቦርድ ላይ የተነቀለም ይሆናል።

መልቲሜትሩን የዳዮድ ምልክት ወዳለበት አዙሩት። ጌቱን ከሶርሱ ጋር ለአፍታ አገናኙትና ልቀቁት፤ ሞስፌቱ እንዲዘጋ ነው። ከዚያ ቀዩን ሽቦ ሶርስ ላይ፣ ጥቁሩን ድሬን ላይ አድርጉ። ግማሽ ቮልት አካባቢ ያነብባል። ያ የሆድ ዳዮዱ ነው፤ አገኛችሁት! ሽቦዎቹን ብታቀያይሩ ምንም አያሳይም።

አሁን ሽቦዎቹን መጀመሪያ እንደነበሩት አድርጉና፣ በሁለት ድንጋዮች የተሠራ 3 ቮልት፣ ወይም በሦስት ድንጋዮች 4.5 ቮልት፣ በጌትና በሶርስ መካከል ስጡት፤ ፖዘቲቩ ወደ ጌት፣ ነጌቲቩ ወደ ሶርስ። አንዳንዱ ሞስፌት በዚህ ይከፈታል፣ አንዳንዱ እስከ 10 ቮልት ይፈልጋል። ከተከፈተ ያ ግማሽ ቮልት ወደ ዜሮ ሲወርድ ታያላችሁ። በዚያው አቅጣጫ፣ በዚያው ሞስፌት፣ ዳዮዱ የሚበላው ቮልቴጅ ጠፋ። ሽቦዎቹን ብታቀያይሩስ? አሁንም ዜሮ ነው፤ በሩ በሁለቱም በኩል ክፍት ነዋ።

(የመለያ ሙዚቃ ከሥር ቀስ ብሎ ይገባል)

የሳምንቱ ጥያቄያችን ይህ ነው። ወረቀት ላይ ጻፉት።

አንድ ቤተሰብ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለው። ከባትሪው ሁለት ነገር ያስነሣል፤ አንደኛው 0.1 አምፔር የሚስብ ትንሽ ሬዲዮ ነው፣ ሁለተኛው 20 አምፔር የሚስብ የውኃ ፓምፕ። ባትሪው በስሕተት ተገልብጦ ቢገጠም ሁለቱም እንዳይቃጠሉ በእያንዳንዳቸው መስመር ላይ መከላከያ መግጠም ተፈልጓል። ለሬዲዮው ምን ትመርጣላችሁ? ለፓምፑስ? በእያንዳንዱ መስመር ላይ ስንት ዋት እንደሚባክን በዳዮድም በሞስፌትም አስሉና፣ ምርጫችሁን ከነምክንያቱ ጽፋችሁ ላኩልን። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት መልሶቻችሁን እያነበብን እንነጋገርበታለን።

(ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ ያበቃል)